የንጋት ኳስ በቴሌቪዥን ይታይ ወይስ ይቅር

የማላውቀው ሰው ቁጭ ብሎ የልጅ ልጄን ሲያያት፣ እኔ እሱን በምን አየዋለሁ? ይህን ጥያቄ ለነፍስ አባቴ አቀረብሁላቸው፤ «ጸልዪ» አሉኝ። ለጎረቤቴ ነገርኋት፤ ሳቀችብኝ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ጋዜጣ አነባለሁ፣ ደብዳቤም እጽፋለሁ። ለዚህ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ጥያቄው እንዴት እንደመጣብኝ ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ሰዎች ፍራሽ ተሸክመው ሲወርዱ አየሁ። የፊተኛው ደሳለ ነው፤ ኮሌጅ የጨረሰ፣ ቀን ቀን እንግዳ የሚያስጎበኝ፣ የአዳራሽ እግር ኳስ ኮሚቴያችን ጸሐፊ። የኋለኛው ጎረቤቴ አያ አረጋ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ። በእኛ ከተማ ሴቶች ልጆች አምስት አምስት እየሆኑ ከጎረቤት ከተሞች ከብልባላና ከሙጃ ቡድኖች ጋር አዳራሽ ውስጥ ይጋጠማሉ። አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ከጎሉ ኋላ ያለው የድንጋይ ግድግዳም አንድ እርምጃ አይርቅም። የልጅ ልጄ ንጋት ደግሞ በረኛ ናት። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ደሴ ሥራ ላይ ስለሆነች ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ያን ግድግዳ ያየሁ ዕለት የሰፈሩን ሴቶች አሮጌ ፍራሽ ለመንሁ፤ አያ አረጋ በማዳበሪያ ጆንያ ለበጡልኝና ግድግዳው ላይ አሰቀልነው። አሁን በሁለቱ ራስ ላይ ያየሁት ያንኑ ፍራሽ ነው።

«ምን መጣ? አዳራሹ ተቃጠለ እንዴ?» አልሁ።

«ኧረ የምሥራች ነው እማማ!» አለ ደሳለ ከፍራሹ ሥር። «ቴሌቪዥን ሊመጣልን ነው! ጨዋታችንን በቀጥታ እንዲያስተላልፍ ከአንድ ጣቢያ ጋር ልንዋዋል ነው።»

«ታዲያ ፍራሹ ምን በደለ?»

«አገር ያሳፍራላ!» አሉ አያ አረጋ። «የእኔ ስፌት ለካሜራ አይሆንም ተብሎ ከሥራ ተባረረ። እኔም ዕድሜ ልኬን የለፋሁበት መርፌ ነውና አብሬ ልሸኘው ብዬ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ አይወራምና ወደ ቤት አስገባኋቸው። ፍራሹን ግቢ ውስጥ ጣሉት። ንጋት በሩ አጠገብ ተቀምጣ እሸት ባቄላ ትፈለፍል ነበር፤ እጅ ነሣችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቆሎ አቀረብሁላቸው። ደሳለ ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«እንዲያውም ወደ እርስዎ ልመጣ ነበር። ንጋት ዐሥራ ስምንት ስላልሞላት በቴሌቪዥን እንድትታይ አሳዳጊዋ መፈረም አለባቸው። እርስዎ ካልፈረሙ በዚህ ጨዋታ ልናሰልፋት አንችልም።»

እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብሁ። ንጋት ቀና አላለችም፤ የባቄላው መፈልፈል ግን ቆመ።

«ቆይ እስኪ፣ ልጠይቅህ። ካሜራው ኳሷ የት እንዳለች በምን ያውቃል?»

«የሚያዞረው ሰው አለ።»

«ሰውየውስ ኳስ ያውቃል?»

«ያውቃል እማማ።»

«ከኳሷ ይልቅ የልጄን እግር ቢያይስ?»

አያ አረጋ ቆሎው ትን አላቸው። ደሳለ ፊቱ ቀላ፤ ጨዋ ልጅ ነውና በትሕትና መለሰልኝ። «እሱንም ውሉ ላይ ማስጻፍ ይቻላል። እኔ የምለው ይህን ነው። ትልልቆቹ ክለቦች በየሳምንቱ ይታያሉ፤ ስለሚታዩም ማልያ የሚያለብሳቸው፣ መኪና የሚያቀርብላቸው ድርጅት አያጡም። የእኛ ሴቶች ልጆች ሙጃ ለመድረስ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ብርድ ያንቀጠቅጣቸዋል። ታናሽ ሊግ ነንና ማንም አያውቀንም፤ ካልታየን ደግሞ ታናሽ እንደሆንን እንቀራለን። ከሁሉም በላይ በየገጠሩ ያለች አንዲት ልጅ ንጋትን አይታ ‹ለካ ይቻላል› ትላለች።»

«ንግግርስ ታውቃለህ፤ ለፈረንጅም የምታወራው ይህንኑ ነው» አሉ አያ አረጋ። «ግን አንድ ነገር መልስልኝ። ሰው ቤቱ ተጋድሞ ኳስ ካየ ማን አዳራሽ ይመጣል? አሁን ገበያተኛው አህያውን አስሮ ገብቶ ይጮሃል፣ ያጨበጭባል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ልታጫውቷቸው ነው?»

ይህን ስሰማ እኔ ራሴ ነገሩን ማገላበጥ ጀመርሁ። እውነቱን ለመናገር የአያ አረጋ ወገን ነበርሁ። ነገር ግን አፌ ቀደመኝ።

«አያ አረጋ፣ የከተማችንን የገና በዓል ቴሌቪዥን አያሳየውም?»

«ያሳየዋል።»

«ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ሆነው ‹ቤዛ ኵሉ› እያሉ ሲዘምሩ አገር ሁሉ ቤቱ ሆኖ ያየዋል። ታዲያ ሰው መምጣት ተወ? ዘንድሮ እኔ ቤት ብቻ ዐሥራ አንድ እንግዳ አድሯል። አንደኛዋ ‹በቴሌቪዥን አይቼው ልቤ አላርፍ አለኝ› ብላኛለች።»

«እኔም ቤት መተኛ ጠፍቶ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደግፌ ነው ያነጋሁት» አሉ አያ አረጋ እየሳቁ። «እሺ፣ ይህንስ ረቱኝ።»

እኔ ግን ገና አልተረታሁም። እንዲህ አልሁት ለደሳለ። «ልጅ ሳለሁ ውኃ ቀድቼ ስመለስ አንድ ፈረንጅ ፎቶ አነሣኝ። ፈገግ አለልኝ፣ ሄደ። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ አስጎብኚ መጽሐፍ ይዞ መጣና ‹ይች አንቺ አይደለሽም?› አለኝ። እኔው ነኝ። ከሥሬ ምን ተጽፏል መሰለህ? ‹ውኃ የምትቀዳ ልጃገረድ።› በቃ። ወለተ ሐና የሚል ስሜ የለም፤ የአባቴ ስም የለም። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አልነገረኝም። የዚህ ከተማ ሰው ሲታይ ነው የኖረው፤ መታየትን እንደ አዲስ ነገር አድርገህ አታውራኝ። ደግሞም ክፉ ዓይን አለ። ያን ሁሉ ዓይን ማን ይከለክልልኛል?»

 ያን ጊዜ ንጋት ባቄላውን አስቀመጠችና ተናገረች።

«እማዬ፣ እኔንም አልጠየቃችሁኝም።»

«አንቺማ ልጅ ነሽ።»

«አምና ከሙጃ ጋር የተጫወትን ዕለት ኳሷን መስመሩ ላይ ይዣታለሁ። ዳኛው ገብታለች አለ። ‹አልገባችም› ብዬ ስጮህ ውሸታም ተባልሁ። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ‹ያቻት ውሸታሟ› ይሉኛል። አንድ ሰው አልመሰከረልኝም።»

«እኔም ገብታለች ባይ ነበርሁ» አሉ አያ አረጋ ቀስ ብለው።

«እርስዎማ መነጽርዎን ረስተው ነበር፤ የእኛን ልጆች ትተው ለሙጃ ሲያጨበጭቡም አይቻለሁ!»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ገበያ ስልካት «ራሴን አሞኛል» የምትለኝ ለዚህ ኖሯል። የድንበር ክርክር እንኳ ያለ ምስክር አይፈረድም። እኔ ካሜራውን የሌባ ዓይን ነው ስል፣ እሷ ምስክር ትለዋለች። ሰው በፈራው ነገር ውስጥ ሌላው የሚፈልገው ነገር ሊኖር እንደሚችል ያን ዕለት ተማርሁ።

«ደግ» አልሁ፤ «ምስክሩስ ይምጣ። ግን አንተ ደሳለ፣ ምስክር ልታመጣላት ብለህ ራሷን ድንጋይ ላይ ልትፈጠፍጣት ነው?»

«ለአንድ ቀን ብቻ ነው እኮ እማማ። ነጭ መጋረጃ እንዘረጋበታለን፤ ሸጋ ይሆናል።»

«ከመጋረጃው ኋላ ያለው ድንጋይ አይደለም?»

«ድንጋይ ነው… ግን አዳራሹ ካላማረ ሌላ ከተማ ቢመርጡስ?»

«እነሱ ናቸው ፍራሹን አውጡ ያሉህ?»

ደሳለ ቆሎውን በጣቱ አገላበጠ። «አላሉም። ኮሚቴው ነው ያሰበው።»

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህ የእኛ ሰው አመል ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል የምንቀመጥበትን በርጩማ ጓዳ እንደብቃለን፤ እንግዳው ሲገባ የምንቀመጥበት እናጣለን። ያልጠየቀንን ሰው ለማስደሰት የሚጠቅመንን እናወጣለን። እንግዲያው መጠየቅ ይሻል ነበር፤ አስጠየቅሁት። ደሳለ ስልኩን ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጎ ለጣቢያው ሰው ደወለና ስለ ፍራሹ እየተንተባተበ ነገረው።

«ኧረ እንዳትነኩት!» አለ ሰውየው። «ከጎሉ ኋላ መከላከያ ከሌለማ እኛም አንቀርጽም። ከቻላችሁ ጥቁር ጨርቅ አልብሱት፤ ነጭ ከሆነ ኳሷ አትለይልንም። ሰዓቱን ግን እሑድ ጠዋት አድርጉልን።»

«እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው!» ብዬ ጮህሁ ወደ ስልኩ።

«ማን ናቸው?»

«የበረኛዋ አያት ናቸው» አለ ደሳለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጸሐፊ ተናገረ። «በቅዳሴ ሰዓት አንጫወትም። ለእኛ የሚመቸን ቅዳሜ ገበያተኛው ሳይበተን ነው።»

ሰውየው ቅዳሜ ባለሙያ እንደሌላቸው ተናገረ፤ ተከራከሩ፤ መጨረሻ ላይ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተባለ። አያ አረጋ ቅር አላቸው፤ ገበያተኛው አይገኝማ። ቢሆንም ጥቁሩን ጨርቅ የሚሰፉት እሳቸው መሆናቸውን አስረግጠው ተናገሩ።

«አየህ፣ ሲጠይቋቸው ይመልሳሉ» አልሁት ለደሳለ። «እንግዲህ ጻፍ።»

ወረቀቱን ገልብጦ እኔ እንዳልሁት ጻፈ። ፍራሹ ከቦታው አይነሣ አልሁ። በቅዳሴ ሰዓት ጨዋታ አይኑር አልሁ። የእያንዳንዷ ልጅ ስም ከነአባቷ ይጠራ፤ «ኳስ የምትጫወት ልጃገረድ» ብሎ ማለፍ የለም አልሁ። ደሳለ እየጻፈ ፊቱ በራ። «እማማ፣ ይህንማ ለሁሉም ልጆች ነው የምናስገባው፤ ለብልባላም ለሙጃም» አለ። አያ አረጋም እንዲህ አሉ። «አሁን ገባኝ። ታናሽ ሊግ ቴሌቪዥን መፈለጉ ጥፋት አልነበረም፤ የራሱን ቃል ሳያስጽፍ መፈለጉ ነበር ጥፋቱ። ቃሉን ካስጻፈ ልጆቹ ይታወቃሉ፣ ዳኛውም ይጠነቀቃል፣ አዳራሹም ደንብ ያገኛል። ለእኔም ሥራ ይገኝበታል።»

ብዕሩን ተቀበልሁ። ልፈርም ስል ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ኳስ ሲገባባት፣ መሬት ላይ ተዘርራ ስትቀር ታየኝ። «አንድ ቀረ» አልሁና በራሴ እጅ ጨመርሁበት። «ንጋት ጎል የገባባት እንደሆነ አይታይ።»

 ንጋት ተነሥታ መጣች። በትከሻዬ በኩል አነበበችው። ብዕሩን ከጣቶቼ መሐል ቀስ አድርጋ ወሰደችና ያን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው። ሌሎቹን አልነካችም። ብዕሩን መልሳ እጄ ውስጥ አኖረችው፤ ቆማም ጠበቀች።

የገባባት ካልታየ የያዘችውን ማን ያምናታል?  ከተሰረዘው መስመር ሥር ፈረምሁ፤ ወለተ ሐና ብዬ፣ ከነአባቴ ስም።

ንጋት ፊርማዬን አየች። የመለማመጃ ሰዓቷ ደርሷል፤ ጫማዋን አጠለቀች። ብርድ ነው፣ ደርበሽ ውጪ፣ ጭንቅላትሽን ጠብቂ ልላት ነበር። ሳልላት በሩን ከፍታ ወጣች።