በእንጦጦ ቁልቁለት ፍሬን ስላጣችው መኪና የተሰጠ ሁለተኛ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሥርጉት ዘመንፈስቅዱስ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የመንግሥት ሠራተኛ
አድራሻ፦ የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ቀን፦ ሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡40 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ጎበና ወልደ ሐዋርያት

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን አደጋው በደረሰበት ቦታ ለትራፊክ ፖሊስ የሰጠሁት ቃል ጉድለት ስላለበት፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ የሚከተለውን አስረድቻለሁ።

ኮሮላ መኪናዬ ፍሬን ስይዝ ትጮህ ስለነበር ወሰን በሚባለው ሰፈር ላለ ጋራዥ ሰጥቼ፣ መካኒኩ ኢማድ ነጅመዲን የፊቱን የፍሬን ሸራ ቀይሮ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት አስረከበኝ። በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ እንጦጦ የሚኖሩትን አባቴን ለዓይን ሕክምና ቀጠሮ ለማምጣት ስነሳ፣ ገና ከሰፈር ሳልወጣ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ቀስ እያለ ሰመጠ። ደጋግሜ ስረግጠው ተመለሰ፤ ቆይቶ ደግሞ ሰመጠ። ዳር አቁሜ ለኢማድ ደወልኩ። «እትዬ፣ ንክች እንዳያደርጓት፣ መጣሁ» አለኝ።

2 ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። የፍሬን ዘይቱ ጎድሎ ስላገኘው ሞላው። እኔ ውስጥ ሆኜ ይርገጡ ሲለኝ እየረገጥኩ፣ ይልቀቁ ሲለኝ እየለቀቅሁ በአራቱም ጎማ በኩል የፍሬን መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር አስወጣ። ከሥሯ ተኝቶ ቢያይም የሚንጠባጠብ ነገር አላገኘም። ሜዳው ላይ ስትሞከር በደንብ ያዘች። አባቴ እየጠበቁኝ ስለነበር ልሂድ አልኩት። እሱ ግን «ዘይቱ የት እንደገባ ሳላውቅ ሽማግሌ አላስጭንባትም። የእንጦጦን ቁልቁለት መጀመሪያ እኔ ልሞክራት» ብሎ መሪውን ያዘ። ብቻውን ሊሄድ ነበር፤ ቀጠሮው እንዳያልፍ ብዬ አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ዳገቱን ወጥተን፣ አባቴ ቤት ሳንደርስ አዞረና ቁልቁል ጀመርን። ሰዓቱ 3 ገደማ ነበር። ሁለት ኩርባ አለፍን፣ ያዘች። ሦስተኛው ላይ ከኋላ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ኢማድ ማርሽ ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ መኪናዋ ተንገጫገጨች እንጂ አልቆመችም። ከፊታችን በቀኝ በኩል፣ በገደሉ ጠርዝ፣ ስምንት የሚሆኑ ሰዎች ተሰልፈው ይሮጡ ነበር። ክላክሱን ሳይለቅ «እግርዎን ይሰብስቡ!» ብሎ ጮኸብኝና መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ራሱ በኩል ጠመዘዘው። የእሱ በር የተራራውን ግድግዳ እየፋቀ ሄዶ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆምን። ከሯጮቹ የተነካ የለም። እኔ ግንባሬን ተጫርኩ። የእሱ ግራ እግር በበሩና በመቀመጫው መካከል ተይዞ ነበር፤ ሯጮቹ ናቸው በሩን ገንጥለው ያወጡት።

ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቀኝ «ትናንት ጋራዥ ገብታ ነው የወጣችው፣ እሱን ጠይቁት» አልኩ። በዚህ ቃሌ ምክንያት ኢማድ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለ በቸልተኝነት ተጠርጥሮ እየተመረመረ መሆኑን ሰምቻለሁ።

ያልተናገርኩት የሚከተለው ነው። ዓርብ ዕለት ኢማድ መኪናዋን ከፍ አድርጎ አሳይቶኛል። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ዝጎ ነበር። «ይቺን ሳልቀይር ባልሰጥዎት ደስ ይለኛል፣ መኪናዋ ነገ ከሰዓት ትደርሳለች» አለኝ። እኔ ጠዋት ስለምፈልጋት አትንካት፣ በሌላ ጊዜ ትሠራለህ አልኩት። ሁለት ጊዜ ለመነኝ፤ ተቆጣሁ። የተበጠሰው ያው ቱቦ መሆኑን የፖሊስ ቴክኒክ ባለሙያ መኪናዋን ሲመረምር ቆሜ አይቻለሁ።

ለምን ያኔ አልተናገሩም ተብዬ ተጠይቄ፣ ፈርቼ ነው ብያለሁ። ወንድሜ አምሃም ዝም በይ፣ ባለመኪናዋ አንቺ ነሽ፣ በራስሽ ላይ አትመስክሪ ብሎኛል። ትናንት ኢማድን ሆስፒታል ስጠይቀው እናቱ ወይዘሮ መብሩካ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። የከለከልኩት እኔ መሆኔን አልነገራቸውም ማለት ነው። መቀመጥ አልቻልኩም።

ቃሌ ተነቦልኛል። «ቱቦው ሳይቀየር ቀርቷል» ተብሎ የተጻፈው «ቱቦውን እንዳይቀይር የከለከልኩት እኔ ነኝ» ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። አሁን ያየሁትንና ያደረግሁትን በእውነት የሚገልጽ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሥርጉት ዘመንፈስቅዱስ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ረ/ሳጅን ጎበና ወልደ ሐዋርያት