የደሚያና ባሲሊ አፍንጫ ምስክርነት

ሐዘናችንን ለመካፈል በዚህች ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰባችሁ ወገኖቻችን ሆይ፤ የእኅታችንን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ሩፋኢል ነኝ፤ ድምፄ ከፍ ቢል ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

ደሚያና ባሲሊ ከአባታችን ከወፍጮ ባለሙያው ከዑስታ ባሲሊና ከእናታችን ከሲት ማቲልዳ በግብፅ በሚንያ ከተማ፣ ከዱቄት ፋብሪካው አጥር ሥር ባለው ሰፈራችን ተወለዱ። አባታችን ማታ ነጭ ሆነው ሲገቡ ልብሳቸውን ማራገፍ የልጅነት ጨዋታችን ነበር። በሰፈራችን ሁሉም ስለሚያስነጥስ፣ ያላስነጠሰውን ሰው «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» እንለው ነበር።

በአስዩት የላቦራቶሪ ሙያ ተምረው በማዕረግ ከተመረቁ በኋላ በሠራተኞች ጤና ጣቢያ ተቀጠሩ፤ በዚያው ዓመት የፋብሪካውን የወንፊት ክፍል ሠራተኛ ዑስታ ፋህሚን አግብተው ኢሪኒንና ቢምንን ወለዱ።

ልጆቹ ካደጉ በኋላ የተሰጣቸው ሥራ ዱቄት የማይስማማቸውን ሠራተኞች መለየት ነበር። የእያንዳንዱን አፍንጫ ውስጥ በትንሽ ብሩሽ ጠርገው፣ ያገኙትን በብርጭቆ ላይ ቀብተው፣ ከጤነኛ ሰው ናሙና ጋር በማይክሮስኮፕ ያስተያዩታል። ድሃው ጤና ጣቢያ ሌላ ናሙና ስላልነበረው፣ ጤነኛ ተብሎ የተቀመጠው የራሳቸው የእኅታችን ነበር። የሠራተኞቹ ከእርሳቸው ጋር አንድ ሆኖ ስለተገኘ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች «ጤነኛ» ተብለው ወደ ዱቄቱ ተመለሱ፤ ከእነርሱም አንዱ የገዛ ባለቤታቸው ነበሩ።

ኢሪኒ በቀይ ባሕር ዳር ባለችው በገርዳቃ ስትወልድ ሊያርሷት ሄደው ሦስት ወር በባሕሩ ዳር ተቀመጡ፤ ማስነጠሱም ተዋቸው። በትንሣኤ ማግስት ሕዝቡ ንጹሕ አየር ለማሽተት ሲወጣ ፈሲኽ የሚባለው በጨው ታሽቶ የከረመ ዓሣ ቀረበላቸውና «ይኼ ዓሣ እንዲህ ይገማ ኖሯል? ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስበላ ነው የኖርኩት!» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ወዲያው ግን ሳቁን አቁመው በአካባቢው ክሊኒክ የራሳቸውን አፍንጫ ጠርገው ተመለከቱ። አቧራ ጠርገው የሚያወጡት እንደ ሽፋሽፍት ያሉ ፀጉሮች በየሕዋሱ ጫፍ በቅለዋል፤ ለዓመታት ሲያዩት በኖሩት አሮጌ ናሙና ግን ፀጉሮቹ ረግፈው፣ ንፍጥ የሚያመነጩት ሕዋሳት በዝተው፣ አለርጂ ሲቆጣ የሚጎርፉት ቀያይ ሕዋሳት መሐላቸው ተሰግስገው ነበር። ለካስ በሽተኛውን ሲያመሳክሩ የኖሩት ከበሽተኛ ጋር ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። እኔም ወንድማቸው «አንቺ ሴት፣ ራስሽን በራስሽ ልትከሺ ነው? ጡረታሽን አስቢ እንጂ!» አልኳቸው፤ ዛሬ ይህን ስናገር አፍራለሁ። እርሳቸው ግን ስሕተታቸውን በስማቸው ፈርመው፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም እንደገና ይመርመሩ ብለው ለፋብሪካው ኮሚቴ ጻፉ።

ኮሚቴው «በአንዲት ሴት አፍንጫ ማስረጃ አይቆምም» ብሎ መለሰ። ስሙ እንግዲህ! አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰውን ከዱቄት ውስጥ ለማቆየት የበቃው አፍንጫ፣ ሰውን ለማውጣት ሲመሰክር የአንዲት ሴት አፍንጫ ሆነ! እርሳቸውንም ከማይክሮስኮፑ አንሥተው መዝገብ ቤት አስቀመጧቸው።

እኅታችን ግን ባሌን ትቼ አልሄድም ብለው ከአጥሩ ሥር ኖሩ። የአለርጂው ቁጣ ከአፍንጫ ወደ ሳንባ ወርዶ በአስም ብዙ ከተሠቃዩ በኋላ፣ ትናንት ማለዳ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

እነሆ ባለቤታቸው ዑስታ ፋህሚ፣ በትንፋሽ ማጠር ይህን ደረጃ በሰው ድጋፍ የወጡት፣ ልጆቻቸው ኢሪኒና ቢምን፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ እኔ ወንድማቸው፣ እንዲሁም ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ በሕይወት የቀራችሁት በሐዘን ቀርተናል። ፋብሪካው የላከው የአበባ ጉንጉን ደጅ ተቀምጧል፤ ይዘው ይመለሱ፤ እርሳቸው የለመኗቸው አበባ አልነበረም።

አምላክ የእኅታችንን ነፍስ በቅዱሳኑ ማረፊያ ያሳርፍልን፤ እኛን ግን «ጤነኛ» የሚሉት ወረቀቶች እስኪታረሙ ድረስ አያሳርፈን። አሜን።