ልሙጥ ተረት

ነይ ሬሐና፣ እዚችው አግዳሚ ላይ እንረፍ። አካም ጅርታ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እናንተ ሰፈር መብራት መጣ? ተመስገን ነው። ያን ሁሉ የሚኒባስ ሰልፍ ቆመሽ፣ ከዓለም ገና እዚህ ሰበታ ድረስ ለኔ ብለሽ መምጣትሽ... ገለቶማ እህቴ።

ይሄ ቤተ መጻሕፍት ግን እንዴት ጸጥ ይላል! ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ፣ የብሬል መጽሐፌን በጣቴ እየዳሰስኩ ተረት ሳነብላቸው፣ ሳቃቸው አስፋልት ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ዝንብ እንኳ የለ። ኃላፊ ማለት እንደ ቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ነው... ጸጥታ ያስከበረ።

አንባቢነታቸውስ! አንቺው አይደለሽ ሰኞ ሰኞ ቴሌግራም ላይ «የሳምንቱ ምርጥ መጽሐፍ» ብለው ይዘው የሚነሱትን ፎቶ ያሳየሽኝ... ማለቴ የነገርሽኝ? መጽሐፉ ከነላስቲኩ ነው፣ «እንቅልፍ ነስቶኛል፣ አንብቡት» ይላሉ አልሽኝ። ሳይከፍቱት እንቅልፍ የነሳቸው ቢከፍቱትማ ምን ሊያደርጋቸው ነው? ቡራዩ እንዲህ ያለ ሰው አላት? ሱሉልታስ? ለኛው ሰጠን።

ርኅራኄያቸውን ደግሞ ልንገርሽ። ክረምት ሲገባ የብሬል መጻሕፍቱን ገልጠው ቢያዩ ገጹ ሁሉ ጉብ ጉብ ብሏል። እርጥበት አበላሽቷቸው ነው ብለው አዘኑ። ማየት ማመን ነው ይባል የለ? አዩ፣ አመኑ። ሰው መጠየቅማ ዐይን ለሌለን ለኛ ነው። ወዲያው መጋዘን አስገብተው፣ አንዱን ባንዱ ላይ አስከምረው፣ ያን ትልቁን የስብሰባ ድምፅ ማጉያ ጫኑባቸው፤ እንዲስተካከሉ። ክረምቱን ሙሉ!

ዘበኛው ኦቦ ጉታ ናቸው ያወጡልኝ። ጣቴን ባሳርፍ... ፊደል የነበረው ጉብታ ሁሉ ልሙጥ። ጅቡም የለ፣ ቀበሮዋም የለች። መቼም እሳቸው የነኩት ነገር ሳይስተካከል አይቀርም። ትጊ አለች አይደል፣ ከጎኔ ተቀምጣ በጣቷ ማንበብ የጀመረችው ዐይነ ስውሯ ልጅ? ገጹን ዳሳ ዳሳ «እትዬ የወይንሐረግ፣ ተረቱ የት ሄደ?» አለችኝ። «ተስተካከለ» አልኳት። ምን ልበላት? ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ ሬሐና... በደስታ ነው። እንዲህ ያለ እንክብካቤ ማን አግኝቶ!

ልጆቹም መጥተው መጥተው ቀሩ። አሁን ደግሞ «የብሬሉ ጥግ አንባቢ የለውም፣ ሶፋ ይግባበትና እንግዳ መቀበያ ይሁን» ብለው አመልክተዋል አሉ። ነገ ነው የሚወሰነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር። ላሟን ራሱ አባርሮ «ምነው ኩበት ጠፋ?» የሚል ግን... አይ፣ እውነታቸውን እኮ ነው። ሄደሽ እዪው፣ አንድም አንባቢ የለም። ማን አባረራቸው ብሎ የጠየቀ አለ?

ቆይ... ከኋላችን ጋዜጣ የያዘ ሰው ተቀምጧል አይደል? ስንገባ ሲዘረጋው ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ እንኳ አልገለጠም። እንዴት ያለ አስተዋይ አንባቢ ነው! ሽቶውስ... ሰኞ ሰኞ ፎቶ የሚነሳ ሰው ሽቶ ነው የሚመስለው። ምነው ክንዴን ትቆነጥጪኛለሽ? እኔ ምን አልኩ? በየትኛው ዐይኔ አይቼ?

በይ ተነሺ፣ ምሪኝ። ብቻ ኃላፊያችንን ሳልመርቅ አልሄድም፤ ባይሰሙኝም ይድረሳቸው። ዕድሜ ይስጣቸው። ሶፋውም ይመቻቸው፣ እንግዳ አይጥፋበት። ከሁሉ በላይ የኔም እግዜር ያንቺም አላህ ዐይናቸውን ይጠብቅላቸው። አደራ፣ ዐይናቸውን! አንድ ቀን እንደኔ በጣት ማንበብ ቢቸግራቸው፣ እዚህ ቤት ለሳቸው የሚሆን ምን ተርፎ?

አሜን በይ እንጂ ሬሐና... ጋዜጣ የያዙትም፣ አሜን ይበሉ እንጂ።