ዝም አሉ የተባሉት እባቦች

ኤልቪራ ካንቱ በዚያ የጥቅምት ከሰዓት በኋላ ሰው አገኛለሁ ብላ አላሰበችም። ሥራዋ ድርጭት መቁጠር ነው። በደቡብ ቴክሳስ የአደን ወቅት ከመከፈቱ በፊት ከአንዱ የከብት መሬት ወደ ሌላው ትነዳለች፤ ፒካፗን አጥር ጥግ ታቆምና በእሾሃማው ቁጥቋጦ መሃል በእግሯ እየሄደች ያየችውንና የሰማችውን በደብተሯ ታሰፍራለች። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ይህን ሥራ የመረጠችው ወፎችን ስለምትወድ ብቻ ሳይሆን ከሰው ጋር ብዙ ስለማያነጋግርም ነበር። አሁን ግን በሥራው ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ነዳጅ ማደያው ላይ ካለችው ሴትዮ በቀር ድምፅዋን የሚሰማ ሳይኖር የሚያልፈው ሳምንት እየበዛ ሲመጣ፣ ስለ ምርጫዋ እንደ ቀድሞው እርግጠኛ አይደለችም።

ከብት ማጠጫው ገንዳ ዳር አንድ ሽማግሌ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ውሃውን ያያሉ። እግራቸው ላይ ያደረጉት ለስላሳ የሸራ ጫማ ነው፤ ሰው ሳሎኑ ውስጥ የሚያደርገው ዓይነት። ኤልቪራ ከሩቅ ሰላም አለች። ቀረብ ብላም ደገመች። ሽማግሌው ዞር ያሉት ጥላዋ ውሃው ላይ ሲያርፍ ነው።

«ምነው ልጄ! ሽማግሌ በድንጋጤ ልትገድዪ ነው እንዴ?»

«ይቅርታ ጌታዬ። ሁለት ጊዜ ሰላም ብዬ ነበር።»

«ለሸሚዝሽ ቁልፍ ነግረሽው ይሆናል እንጂ እኔስ አልሰማሁም። ወፍ ቆጣሪዋ፣ የካንቱ ልጅ ነሽ አይደል? እኔ ዊልበርን ክራውዘ ነኝ። መሬቱም የኔ ነው፣ ወፉም የኔ ነው፣ እሾሁም የኔ ነው።» ከዚያ ዓይናቸው ወደ እግሯ ወረደ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? እስከ ጉልበት! ጨረቃ ላይ ልትወጪ ነው?»

«ከእባብ የሚከላከል ቦት ነው ሚስተር ዊልበርን።»

«እባብ!» አሉና ሳቁ። «እባብ ድሮ ቀረ።»

ኤልቪራ የምትመልሰውን ታውቅ ነበር፤ አፏ ግን እንደ ልማዱ ዘገየ። ሽማግሌው ዝምታዋን እንደ ጥያቄ ቆጥረው ማስረዳት ጀመሩ።

«የዱር አሳማው ጨረሳቸው። ሰው ሲቀርበው የጭራውን ቃጭል እያንቃጨለ እዚህ ነኝ ያለውን እባብ ሁሉ አሳማው እየተከተለ በላው። የተረፈው አፉን መዝጋት የተማረው ነው። ማንንም የዚህ አገር ሰው ብትጠይቂ ይኸንኑ ይነግርሻል። እኔ ራሴ አንድ ቃጭል ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ኦፓል፣ ባለቤቴ፣ ከሞተች ወዲህ መሬቱ እንዳለ ዝም ብሏል። እባቡም፣ ፌንጣውም።»

«እባብ ድሮም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል» አለች ኤልቪራ ቀስ ብላ። «ካላዩኝ ያልፋሉ ብሎ ይደበቃል። አሳማ አስተማረው የሚባለውን ያረጋገጠ የለም። ደግሞ እርስዎ እንደሚሉት ዝም ማለት የተማረ እባብ ካለ፣ ጫማው የበለጠ ያስፈልጋል ማለት አይደለም?»

«አቤት! ተማሪ ቤት የሚያስተምረው ይሄን ነው? ሰውን በራሱ ቃል ማሰር? ስሚ፤ እኔ በረንዳዬን ዙሪያውን በፈረስ ጭራ ገመድ ከብቤዋለሁ። አያቴ ከብት ሲነዱ ሜዳ ላይ የሚያድሩት በገመዱ መሃል ተኝተው ነበር። ፀጉሩ ሆዱን ስለሚወጋው እባብ አይሻገርም።»

«ተማሪ ሳለን በአራት እባቦች ሞክረነዋል ጌታዬ። ሦስቱ ተሻገሩት። አራተኛው ላዩ ላይ ተጋደመና ተኛ።»

«የእናንተ እባብ ዩኒቨርሲቲ የገባ ነዋ! የኔዎቹ እንደ ጌታቸው ያልተማሩ ናቸው።»

ኤልቪራ ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። እርሳቸው ግን ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ ማርላ እሑድ ከሳን አንቶኒዮ ትመጣለች። ሻንጣዬን ልታዘጋጅ። ባለፈው ሐምሌ አንዱን ጎረቤቴን እባብ ነድፎት ሲመሽ ነው ያገኙት፤ እግሩ ተርፏል፣ እንደ ድሮው ግን አይሄድም። ከዚያ ወዲህ ‹አባዬ፣ ወይ ከእኔ ጋር ትኖራለህ ወይ ከበረንዳው አትወርድም› ትለኛለች። እሷ ራሷ እባብ ስለምትፈራ እናቷን ከቀበርን ጀምሮ ሣር ላይ ረግጣ አታውቅም፤ ከመኪና ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ መኪና። እኔ ደግሞ በየቀኑ እዚህ ውሃ ድረስ ካልመጣሁ፣ ምን ሠርቼ ቀኑን እገፋዋለሁ?»

ሰው ለማያውቀው ሰው እንዲህ የሚናገረው የሚነግረው ሌላ ሲያጣ ነው። ኤልቪራ ይህን ታውቀዋለች።

«ነይ፣ ድርጭቱ የሚውልበትን ላሳይሽ» ብለው ተነሡ።

በከብቶች መንገድ ተከታትለው ሄዱ፤ እርሳቸው ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ቁልቋሉ በሁለቱም በኩል ጠበብ እያለ መጣ። ድንገት ከግራ በኩል የቃጭል ድምፅ ተነሣ። ደረቅ፣ የማያቋርጥ፣ ጆሮ የሚበሳ ነበር። ኤልቪራ ባለችበት ቀጥ አለች፤ ሚስተር ዊልበርን ግን ስለ ድርጭት እያወሩ መሄዳቸውን ቀጠሉ። አንድ ርምጃ። ሁለት። ሰው መንካት የማትወደው ኤልቪራ ዘላ ሸሚዛቸውን ከኋላ ጨበጠችና በሙሉ ኃይሏ ጎተተች።

«ምን ነካሽ?»

በጣቷ አሳየቻቸው። ከሸራ ጫማቸው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት እባቡ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ራሱን አንሥቷል። ጭራው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይርገበገባል፤ ከፍጥነቱ የተነሣ ጫፉ በደንብ አይታይም። ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከጭራው ላይ አላነሡም።

«እያንቃጨለ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ ጌታዬ።»

«አሁን?»

«አሁንም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሸሚዝዎን ከመያዜ በፊት ጀምሮ።»

ሚስተር ዊልበርን ፊታቸውን ከእባቡ መለሱ። ከዚያ ወደ ገንዳው ተመልሰው ባልዲያቸው ላይ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ፌንጣውስ?» ሲሉ ጠየቁ። «እርሱም አለ?»

«በጣም ብዙ አለ።»

«እኔ ደግሞ ከኦፓል ጋር ሄደ ብዬ ነበር።» ጥቂት ቆይተው «ለማርላ እንዳትነግሪ» አሉ።

በሌላ ቀን ቢሆን ኤልቪራ እሺ ብላ ወደ ደብተሯ ትመለስ ነበር። የሰው ጉዳይ ውስጥ መግባት አይሆንላትም። ግን ዛሬ ዝም ካለች፣ ነገ እኚህ ሰው በዚያው መንገድ በዚያው ጫማ ብቻቸውን ይመጣሉ።

«እኔ አልነግርም፤ እርስዎ ይንገሯት» አለች። «ቅዳሜ ደግሞ ከተማ ሄደን ቦት እንግዛ።»

«ያንን ካጠለቅሁ እኮ ደንቁሬአለሁ ብዬ አመንኩ ማለት ነው። የማይሰማ ሰው መለያ!»

«እኔ ሁሉን እሰማለሁ ሚስተር ዊልበርን። ግን አደርገዋለሁ።»

«ለምን?»

«ብቻዬን ስለምሄድ ነው። ዓርብ ዕለት ብወድቅ እስከ ሰኞ የት ገባች የሚል የለም።» ይህን ጮክ ብላ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። «ጓደኛ ያለው ሰው ቢነደፍ ጓደኛው ወደ ሆስፒታል ያደርሰዋል። ብቻውን የሚሄድ ሰው መጀመሪያውኑ መነደፍ የለበትም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት።

«ቦቱ እኮ ይሞቃል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የተሸናፊ ሰው ድምፅ ነበር።

«ውሃ የማያስገባው ይሞቃል። እዚህ ረግረግ የለም፤ ምን ያደርግልዎታል? አየር የሚያስገባውን ይምረጡ።»

«ጎንበስ ብዬ ማሰር አልችልም። የከብት ነጂ ቦቴንም የተውኩት እግሬ እያበጠ አልገባ ስላለኝ ነው።»

«በጎኑ ዚፕ ያለው አለ። ደግሞ የከብት ነጂው ቦት ባቱ ላይ ስስ ነው፤ ቆዳው ባረጀ ቁጥር ይለሰልሳል። ለኮርቻ እንጂ ለጥርስ አልተሠራም።»

«አንቺ ልጅ፣ ስትጀምሪ ማቆሚያ የለሽም ማለት ነው!»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄዱ፤ ጊዜውን የመረጠችው ኤልቪራ ናት፤ እግር ሲውል ስለሚያብጥ በጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ይጠባል። አደን የሚሄዱበትን ወፍራም ካልሲም እንዲያደርጉ ነግራቸው ነበር። ሚስተር ዊልበርን መጀመሪያ ያነሡት ጌጠኛ ጥልፍ ያለውን ነው።

«ይሄ ያምራል።»

«እስቲ ይራመዱበት።»

ተራመዱ። ተረከዛቸው በየርምጃው ከውስጥ ተነሥቶ ይወርዳል።

«ይህ ግማሽ ቀን ሳይሞላ እግርዎን ይልጠዋል። ከዚያ መኪና ውስጥ ትተውት በሸራው ይሄዳሉ። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ቦት የሚጠብቀው መኪናውን ነው።»

ሦስተኛው ጥንድ ቀለል ያለ ነበር፤ ከጥቅጥቅ ሽመና የተሠራ፣ የእባብ ጥርስ እንዳያልፈው የተፈተነ መሆኑ የተጻፈበት፣ ከጉልበት በታች የሚደርስ፣ ዚፕ ያለው። ሽማግሌው በሱቁ ውስጥ ሁለት ዙር ዞሩና መስተዋቱ ፊት ቆሙ።

«መልክ የለውም» አሉ። «ግን ተረከዜን ይዞታል።»

«እጅዎን ግን አይሸፍንም» አለች ኤልቪራ። «ያላዩት ቦታ እጅዎን አይስደዱ፤ የወደቀች ወፍ ከቁልቋል ሥር ሲያነሡ መጀመሪያ በዱላ ይነካኩ። ምናልባት ቢነደፉ ደግሞ መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር የለም። ቀለበትዎን ያውልቁና ተረጋግተው እርዳታ ይጥሩ፤ ማርከሻው ያለው ሆስፒታል ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከቤት ሲወጡ የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለሰው ይንገሩ።»

«አንቺስ ለማን ትነግሪያለሽ?»

ኤልቪራ የካልሲውን መደርደሪያ ማየት ጀመረች።

«ለእኔ ንገሪኝ» አሉ ሚስተር ዊልበርን። «ስልኩ ሲጮህ ላልሰማው እችላለሁ፤ ጽሑፍ ግን አነባለሁ። ሰኞ ደግሞ ጆሮዬን ሊያዩልኝ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ እንዳትስቂብኝ።» ከዚያ ወደ ሻጩ ዞረው ለሴት የሚሆን፣ በተራ ጫማ ላይ የሚታሰር የቅልጥም መሸፈኛ እንዲያወጣላቸው ጠየቁ። «ለልጄ ነው፤ ቁመቷ ረጅም ነው» አሉ፤ «በእናቷ ወጥታለች።»

አንባቢ ሆይ፣ ለአንድ ጫማ ይህን ያህል መከራከር ምን ይጠቅማል ትል ይሆናል። የሚጠቅመው ይህ ነው፦ እባብ ባለበት አገር እግሩን የሸፈነ ሰው ዓይኑ ለመንገዱ፣ ልቡም ለአደኑ ነፃ ይሆናል። በእግሩ ልክ የተመረጠ ቦት ሰውን ከመርዝ ብቻ ሳይሆን ከቤት መቀመጥም ያድነዋል፤ ያረጀውን በመሬቱ ላይ ያቆየዋል፤ የፈራውን ከበረንዳው ያወርደዋል። የጎደለንን ነገር ማመን ውርደት ይመስላል እንጂ አይደለም። ጎደሎውን ያወቀ ይጠነቀቃል፤ ያላወቀ ግን መሬቱ ዝም አለ ይላል።

እሑድ ጠዋት ኤልቪራ ከምሥራቁ አጥር ወዲያ ትቆጥር ነበር። ሥራ ከመጀመሯ በፊት ስልኳን አውጥታ ጻፈች፤ ጻፈችና አጠፋችው፤ እንደገና ጻፈችው። «ሚስተር ዊልበርን፣ ዛሬ ከምሥራቁ አጥር ወዲያ ነኝ። ስድስት ሰዓት ላይ እወጣለሁ።» ላከችው።

ጥቂት ቆይቶ በርቀት መመልከቻ መነጽሯ ወደ ቤቱ አየች። በረንዳው አጠገብ መኪና ቆሟል፤ የኋላ በሩ ተከፍቷል፤ ሻንጣ ግን አልተጫነበትም። ሁለት ሰዎች በከብቶቹ መንገድ ወደ ውሃው እየመጡ ነበር። አንዱ ጎበጥ ብለው ግን ተረጋግተው ይራመዳሉ። ከኋላቸው ያለችው ረጅም ሴት የምትረግጥበትን መሬት እያየች፣ ክንዳቸውን ይዛ ትከተላለች። መሃል መንገድ ላይ ቆመች። ወደ አባቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ ከቁጥቋጦው የሰማችውን እየነገረቻቸው ይመስላል። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ኪሳቸውን ዳብሰው ስልካቸውን አወጡ። ከፊታቸው አርቀው ይዘው አነበቡና ለልጃቸው አሳዩዋት። ሁለቱም ወደ ምሥራቅ ዞሩ። ከዚያ ርቀት ሊያዩአት አይችሉም ነበር፤ ሚስተር ዊልበርን ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ላይ አነሡት። ኤልቪራም ማንም እንደማያያት እያወቀች እጇን አነሣች።