አንዱ ሽቅብ ከወጣ

ትናንት አመሻሽ ላይ ከጦር ኃይሎች በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ እናትና ልጅ የሒሳብ ደብተር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ደብተሩ የልጅቷ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የማታ ተማሪዋ፣ ለዚያውም ወደ ፈተና የሚሄዱት፣ እናትየው ናቸው።

«የአንዱ መስመር ስሎፕ ሁለት ሦስተኛ ነው» አለች ልጅቷ። «በፐርፐንዲኩላር የሚያቋርጠውስ?»

«ሦስት ሁለተኛ።»

«እማ! ነጌቲቩን ደግሞ ረሳሽው።»

«መገልበጡንስ ገለበጥኩት። ነጌቲቩ ከየት መጣ? ምን አጥፍቶ ነው የሚቀነስበት?»

«ቲቸር አልነገሯችሁም?»

«ገልብጡና ምልክቱን ቀይሩ ብለውናል። ለምን እንደሆነ ካልገባኝ ግን እረሳዋለሁ።»

«በይ እጅሽን አምጪ። ቀኝሽን ሽቅብ እንደሚወጣ መንገድ አዘንብዪው። አሁን ግራሽን መስቀል አድርገሽ አሳርፊበት።»

«ይኸው።»

«ከግራ ወደ ቀኝ ስታይው፣ ላይ ያለው ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ… ውይ! ቁልቁል ነው!»

«ነጌቲቭ ማለት እሱ ነው በቃ። አንዱ ሽቅብ ከወጣ ሌላው መውረድ አለበት።»

«ታዲያ ይሄን ማን ይረሳል?»

«የአራትስ?»

«ነጌቲቭ አንድ አራተኛ! ወራጅ አለ!»

«እንዳትቸኩዪ እሺ? ጥያቄውን ሁለቴ አንብቢው።»

«እሱን እኔ አልነበርኩም እንዴ የምልሽ?»

«ዛሬ ተፈታኟ አንቺ ነሻ። እስክትጨርሺ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።»

እነሱ ከወረዱ በኋላ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እንዳያየኝ በጃኬቴ ስር ሁለት እጆቼን አቋርጬ ቀስ ብዬ አዘነበልኳቸው።