ለበሶ የሚሆን ቦታ

ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት አዲስ የጀርባ ቦርሳ አቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት የማታውቃቸው እናት ዝም ማለት አልቻሉም።

«ለትምህርት ነው፣ ልጄ?»

«አይ እማማ፣ ለጉዞ ነው። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ከዚያም ወደ ታች። ወራት ይፈጃል።»

«በዚች ቦርሳ?»

«ትበቃኛለች። ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ሹራብ፣ ቻርጀር። እንዳታጎብጠኝ ብዬ ስንት ሱቅ አዳርሼ ነው የመረጥኳት።»

«በሶውስ የት ይገባል?»

ሳቀች። «እሱን ፈርቼ እኮ ነው ትንሽ የገዛሁት! እናቴ ቦታ ካገኘች በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ... አታቆምም።»

«መሄድሽን ወደደችው?»

«መጀመሪያ አለቀሰች። አሁን ተሽሏታል። ትናንት እንኳን ገብስ ስትቆላ ነበር የዋለችው።»

«አየሽ! እየቆላች ነዋ የተሻላት። ቦርሳው ሞልቷል ስትያት እጇን አጣጥፋ ልታይሽ ነው?»

ልጅቷ በቦርሳው ወገብ ዙሪያ ያለውን ዚፕ ሳበችው፤ ታጥፎ የነበረው ጨርቅ ተዘረጋና ቦርሳው ወፈር አለ።

«ይኸው፣ ይሰፋል። ሻጩ ሲያሳየኝ እኔ በፍጹም አልከፍተውም ብዬው ነበር።»

«ስንት ኪሎ ይይዛል?»

«ኧረ እማማ፣ ይተዉኝ!»

«እሺ፣ በሰላም ተመለሽ። በሶውን ግን ከላይ አድርጊው፤ መንገድ ላይ ቶሎ እንድታገኚው።»

«ገለቶማ፣ እማማ» ብላ በኦሮምኛ አመሰገነቻቸው።

እኔም እናቴ ጠዋት በግድ ያስያዘችኝን፣ ከወንበሩ ስር የገፋሁትን ጥቁር ፌስታል ጎትቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።