መንገድ ዳር የቀረው የአባቴ ድንጋይ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ዳኛ ፍለጋ ከተማ አይኬድም ነበር። ሁለት ሰው ከተጣላ መንገድ ዳር ይቆምና መጀመሪያ የሚያልፈውን ሰው፣ «በንጉሥ አምላክ፣ ዳኘን!» ይለዋል። እምቢ ማለት የለም፣ ተቀምጦ ይዳኛል። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ግን ስሙኝ።

አባቴን፣ ግራዝማች ታረቀኝን፣ በስም ታውቋቸዋላችሁ። የሕዝብ እንደራሴ ሆነው አዲስ አበባ ምክር ቤት ገቡ፣ እና እንደ ሌላው ዝም ብለው አልተቀመጡም። «ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው ሰው ክረምት በመጣ ቁጥር ተዘግቶበት ይኑር ወይ?» ብለው፣ ብለው፣ ብለው የመኪና መንገድ ያስወጡ ሰው ናቸው! ሲሞቱ ታዲያ አገሬው በደቦ ድንጋይ ጠርቦ፣ ስማቸውን ቀርጾ፣ እዚችው ደጃችን መንገድ ዳር አቆመላቸው።

ታዲያ አንድ አዲስ ሹም መጣ። ድንጋዩን አየና፣ «እንዲህ ያለ ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል እንዴ? ቢቸና ግቢዬ አስገባዋለሁ፣ አጥር ይታጠርለታል፣ አበባ ይተከልለታል» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ማክበሩ ነው። ግን ዘበኛ «ምን ፈልገህ ነው?» የሚልበት ግቢ ገበሬ ይገባል? አባቴ ሁለተኛ ሊሞቱብኝ ነው አልኩ።

አንድ ቀን መኪና ይዞ መጣ። ጤፍ እያንቀረቀብኩ ነበር፣ ቀና ብል ጎረምሶች ድንጋዩን በገመድ ይጠፍራሉ። ሰፌዱን ጣልኩና ሮጥኩ።

«በሕግ አምላክ!» አልኩ።

ቀጥ! በሕግ አምላክ ተብሎ ማን ይንቀሳቀሳል? ሹሙም፣ «ምነው እመቤት?» አለኝ።

«ክስ አለኝ!»

«እንግዲያው ቢቸና ይምጡ፣ ፍርድ ቤት አለ።»

«የለም፣ እዚሁ! ዳኛው አሁን ያልፋል።»

ተሟጋች ደግሞ እንዳይሸሽ ነጠላ ለነጠላ ይቋጠራል። እሱ ኮት ለብሷል፣ በምን ልቋጠረው? የኮቱን ጫፍ ጎተት አድርጌ ከነጠላዬ ጋር ቋጠርኩታ! ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም ሳቀ፣ ግን አልፈታውም፤ ወግ ያውቃል ማለት ነው።

እና ማን ቢመጣልን ጥሩ ነው? ከወሎ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጨው ጭኖ ወደ ሞጣ የሚሄድ ነጋዴ! «ዳኘን!» አልነው።

«ወላሂ እኔ እንግዳ ነኝ፣ አገሩንም ሟቹንም አላውቅ።»

«እንግዲያማ አታዳላም» አለው ሹሙ ራሱ።

ነጋዴው አህዮቹን አስሮ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሹሙ ቆሞ ተናገረ፣ አንደበቱ የጣፈጠ ነበር፣ አልዋሽም። ተራዬ ሲደርስ ታዲያ፣ «ተጠየቅ!» አልኩት፤ «እኚህ ሰው ለአገሩ የለመኑት መንገድ ነው ወይስ ግቢ?»

ነጋዴው ጢሙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣ «የተጻፈውን አንብቡልኝ» አለ። ሹሙ አነበበለት፤ «ግራዝማች ታረቀኝ፣ የሕዝብ እንደራሴ፣ ለአገሩ መንገድ የጠየቀ» ይላል።

«እኔ ይህን ሰው ዛሬ ጠዋት አላውቀውም ነበር» አለ ነጋዴው፣ «አሁን አወቅኩት። ግቢ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ባስወጣው መንገድ ሄጄ ስሙን ሳልሰማ አልፍ ነበር። የአገሩ ሰውማ ያለ ድንጋይም ያውቀዋል። ባለበት ይቁም!»

ሹሙ ምን አለ መሰላችሁ? ባርኔጣውን አወለቀና፣ «ተረትቻለሁ» አለ። ሹም፣ ከሴት ተሟግቶ፣ በመንገደኛ ፍርድ! ዛሬ ማን እንዲህ ይላል? ገመዱንም በገዛ እጁ ፈታ። እኔ ያን ቀን እልል ብዬ፣ እልል ብዬ፣ ድምፄ ተዘጋ።

«እማማ፣ እንግዲያው እርስዎም እንደ አባትዎ ምክር ቤት መግባት ነበረብዎ» አለ ከልጆቹ አንዱ።

«ምክር ቤቱስ ይቅርብኝ ልጄ፣ የታረቀኝ ልጅ መሆን መች አነሰኝና!» ካ ካ ካ!